ገና ያልተሠራችው መኪና

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አላሳለፍኩም፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ካርቶን ቀድጄ የፓፓያ ዋጋ ነው። የምለው ነገር ሲኖረኝ ድምፄን በስልክ ቀድቼ እልክ ነበር። ድምፄ ካሳፈረኝ ወዲህ ግን ስልኩን ወደ አፌ ማስጠጋት አልሆንልኝ ብሏል። ስለዚህ እጽፋለሁ። የሰው ስም አልጠራም። የመኪናዋንም ስም አልጠራም፤ በእሷ የተነሳ የደረሰብኝ ይበቃኛል።

መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ፍራፍሬ እሸጣለሁ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ መስኖ የሚደርሰው ትንሽ መሬት አለው። ፓፓያውና ማንጎው ከዚያ ይመጣል። ሥራው ብዙ ንግግር አይፈልግም። መኪና ይቆማል፣ መስኮት ይወርዳል፣ እጅ ይወጣል። ሌሎቹ ሴቶች ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ ማር ነው፣ ቅመሰው፣ ካልጣፈጠህ መልሰው ይላሉ። እኔ ከጆንያዬ አጠገብ ቆሜ ወደኔ የመጣውን እቀበላለሁ። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሩ ተነሺና አንብቢ ሲለኝ ከንባቡ እንባዬ ይቀድም ነበር። ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። ስድስተኛን ስጨርስ እናቴ ወገቧን አመማት፣ ቤት የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ በቃሽ ስባል እውነቱን ለመናገር እፎይ ነው ያልኩት።

ሰው ማየት ቢያሳፍረኝ መኪና አያለሁ። መኪና መልሶ አያይም። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር የሚውል ሰው ሳይወድ ያውቃል፤ ከውርጌሳ በኩል የሚመጣውን ገና ሳላየው በድምፁ እለየዋለሁ፤ የተጫነ ይሁን ባዶ፣ የሚቆም ይሁን የሚያልፍ። ሌላ ጥቅም የለውም። ለማንም ነግሬውም አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ከባድ መኪና ጎማ ሊያቀዘቅዝ ከፊቴ ቆመ። ጀርባው ላይ ሸራ የለበሰች ትንሽ መኪና ተጭናለች። ነፋስ ሸራውን ገለብ ሲያደርገው አየኋት። ዝቅ ያለች ናት፤ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፣ መብራቶቿ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዓይን ጠበብ ያሉ ናቸው። እንደዚያ ያለ ነገር በዚያ መንገድ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። ሾፌሩ ፓፓያውን እየበላ ዓይኔን ተከትሎ አየና፣ ለአንድ ሀብታም ሰው ሠርግ እየወሰዳት እንደሆነ ነገረኝ። በራሷ ብትሄድ መንገዱ ሆዷን ይፍቀዋል፤ ለዚህ ነው መኪና ሆና በመኪና የምትጫነው አለና ሳቀ። ደግሞ ፋብሪካው እሷን መሥራት አቁሟል አለኝ፤ አሁን ግን እንደገና ሊሠሯት ነው ይባላል።

ይባላል ያለው ነገር ያዘኝ። ማን ነው የሚለው ብዬ ጠየቅሁት። እኔ፣ ሾፌር ጠየቅሁ። እሱም ስልኬን ተቀብሎ፣ ስለ መኪና የሚወራበት አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባኝና ሄደ። ዳግም አላየሁትም።

ኔትወርክ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ የተመለሰበት ሰሞን ነበር። መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት ሰንብቶ ነበርና ገበያ ቀዝቅዟል። የምጠብቀው መኪና ሳይመጣ ሲቀር ስልኬን እከፍታለሁ።

ግሩፑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወንድ ነው ማለት ይቻላል። መካኒክ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ሾፌር አለ። አብዛኞቹ የራሳቸው መኪና የላቸውም። የሚያወሩት ደግሞ ባሕር ማዶ ስላለ አንድ መኪና ሠሪ ነው፤ ያቺን ያቆማትን ትንሽ ስፖርት መኪና ይመልሳት ይሆን ወይስ እንደወጣች ትቅር እያሉ። የፋብሪካው አለቃ አንድ ስብሰባ ላይ ተጠየቀ፤ አሁን ምንም አልልም ብሎ ሳቀ። በዚያች ሳቅ ስንት ቀን ተወራባት። አንዱ ባይሠሯት ኖሮ የለም ብሎ ይገላግለን ነበር ይላል። ሌላው ቢሠሯት ኖሮ አይስቅም፣ ይኮራ ነበር ይላል። ቀጥሎ አንድ ፎቶ መጣ፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ተደርድረው ሲነሱ ከኋላቸው ጨርቅ የለበሰ ነገር ይታያል። ያንን ጨርቅ አጎሉት፣ ብርሃን ጨመሩበት፣ ጫፉን በቀይ መስመር ከበቡት። እዩት፣ ትከሻዋ ነው ያለ ነበር። ጠረጴዛ ነው ያለም ነበር። በኤሌክትሪክ ትሆናለች የሚሉትና ያለ ቤንዚን ምኑን መኪና ሆነች የሚሉት ተጣልተው ግሩፑን ጥለው የወጡም አሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ።

እኔ አደምጥ ነበር። ምኑ ደስ እንዳለኝ ቆይቼ ነው የገባኝ። እኛ ዘንድ ስለ ነገ የሚወራ ወሬ ሁሉ ሆድ ያባባል፤ መንገዱ ይከፈታል ይዘጋል፣ ዝናቡ ይመጣል ይቀራል። ይህ ወሬ ግን ቢሆንም ባይሆንም ማንንም አይጎዳም። ሰው ስለ ነገ እንዲህ እየተጫወተ ማውራት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ፋብሪካው የመኪናዋን የድሮ ስም እንደገና አስመዝግቧል የሚል ወሬ መጣ። ወረቀት ነው፣ ትርጉም የለውም አሉ ብዙዎቹ። እኔ ከፓፓያው ክምር ጀርባ ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አደረግሁና የመሰለኝን በድምፅ ላክሁ። ስልኩን ጆንያ ሥር ደበቅሁት። ስከፍተው እህታችን ልክ ናት ብለዋል፣ ቀጥይ ብለዋል፣ ከየት ነሽ ብለዋል። ከየት እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ቀጥይ ያሉትን ግን ቀጠልኩ። ፊት በሌለበት ቦታ መናገር እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው። በየቀኑ አወራ ጀመር። እከራከርም ነበር። እስቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ከእኛ ብዙም ከማይርቀው ግራና ከሚባለው አገር ሽማግሌ ተላከብን። ልጁ በፓምፕ ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ ነው። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፓፓያ ገዝቶ ቢላ ለምኖኝ እዚያው ቆሞ በላና፣ ቢላውን በሱሪው ጠርጎ መለሰልኝ። አልጠላሁትም። አላወቅሁትምም።

ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እኛ ዘንድ ግቡ ሲባል ይገባል እንጂ ተቀመጡ ሲባል አይቀመጥም። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብሎ በትሩን ተደግፎ ይቆማል፤ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው። መጀመሪያ ሲመጡ ቆመው ተናግረው ቆመው ሄዱ። ሁለተኛ ሲመለሱ አባቴ ዘመድ አማክሮ ቆይቶ ነበርና እሺ ብሎ አስቀመጣቸው። እሺ ሲል እኔን አልጠየቀኝም። አባት ሴት ልጁን አይጠይቅም፤ ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። እኔም ጠያቂ አልጠበቅሁም።

ሦስተኛው አመጣጣቸው የሠርጉ ቀን የሚቆረጥበት ነበር። እናቴ ወገቧን ታጥቃ ስትጠምቅና ስትሠራ ሰነበተች። እኔ እንደ ደንቡ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ነኝ። ሴቲቱ አትታይም፣ አትናገርም፤ የሚያስፈልግ ነገር ካለ በእናቷ በኩል ይጠየቃል፣ በእናቷ በኩል ይመለሳል። ሦስት ሆነው ገቡ፤ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አንድ ትልቅ ሰው፣ የልጁ አጎት፣ አንድ ደግሞ ከጎረቤት የመጡ ዝምተኛ አባት። ገብተው እንደ መጀመሪያው ቀን ቆመው ቀሩ።

አባቴ፣ "ምነው አባቶቼ፣ አንዴ የተቀመጣችሁበት ቤት አይደለም እንዴ?" አላቸው።

ባለ ጥምጥሙ፣ "መቀመጡን እንወድ ነበር" አሉ። "አንዲት ነገር ሰምተን ነው። እሷን ሳናጠራ ብንቀመጥ መቀመጫው ይቆረቁረናል።"

ነገሩን ያወጣው አጎቱ ነው። በመርሳ ሲያልፍ በዓይኑ አይቷል። ልጅቱ ከፓፓያ ክምር ጀርባ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ በስልክ ታወራለች፣ ትስቃለች። ዘመድ ይሆናል ብሎ አለፈ። ሲመለስም እዚያው ናት። አጠገቧ የሚሸጡትን ቢጠይቅ፣ ሁልጊዜ ነው፣ ድምፁ የወንድ ነው አሉት። ሰውየው ማን እንደሆነ ይነገረን አለ።

አባቴ አልተቆጣም። እንዲያውም ሲመልስ በድምፁ ውስጥ ፈገግታ ነበረበት፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረጥመኝ። "ተሳስታችሁ ይሆናል" አለ። "የኔ ልጅ እንኳን ከወንድ፣ ከኔም አታወራ። እዚህ ቤት ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። ጨዋ ናት።"

እናቴ ከጎኔ ክንዴን ይዛ ማነው፣ ቶሎ በይ፣ መልስ ይጠብቃሉ አለችኝ።

"ሰው አይደለም" አልኳት። "ስለ መኪና ነው።"

"ሾፌር ነው?"

"አይደለም። ስለ መኪናዋ ነው የምናወራው። ገና አልተሠራችም።"

እናቴ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። ትኩሳት መስሏት ነው። ከዚያ ምን ታድርግ፣ በመጋረጃው በኩል፣ "ስለ መኪና ነው ትላለች፤ ገና ያልተሠራች" ብላ ተናገረች። አጎቱ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሲዋሽ እንኳ የተሠራ ነገር ይዞ ይዋሻል አለ።

እዚህ ላይ ነው የሠራሁትን የሠራሁት። አባቴ ለእኔ ሲል እየተሳለቁበት እንደሆነ ሰማሁ። ወጥቼ ብናገር ባለቀ ነበር፤ ሰው ፊት ግን ምላሴ እንደሚተሳሰር አውቃለሁ። ስልኬ ውስጥ ግን እውነቱ ሁሉ አለ። ቢያዳምጡት ነውር እንደሌለበት ይገባቸዋል ብዬ አሰብኩ። ከመናገር ስልኩን መስጠት ቀለለኝ። ከፈትኩትና በመጋረጃው ሥር እጄን አውጥቼ ዘረጋሁት። አጎቱ ተቀበለኝ።

እሱ ስልክ ያውቃል። ግሩፑን ከፍቶ ወደ ላይ ወደ ታች እየገፋ ቆየ። "ይኸ ሁሉ ወንድ ነው" አለ። "ከሺህ በላይ ነው የሚለው።"

"ስለ አንድ ሰው መጥተን ሺህ አገኘን" አሉ ባለ ጥምጥሙ። አልሳቁም። "እስቲ የሷን አሰማን።"

ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረገው። ድምፄ ቤቱን ሞላው። እኔ የራሴን ድምፅ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሰምቼው አላውቅም፤ የሌላ ሴት ነበር የመሰለኝ፣ አፏን የምትከፍት፣ የምትደፍር። "እናንተ ወረቀት ነው ትላላችሁ" ትላለች። "መውለድ ያቆመ ሰው ስም አያዘጋጅም። ስሟን ያሳደሱት አስበውባት ነው። ታናሿ ትመጣለች፣ ጊዜዋን ነው የማላውቀው።" ደግሞ ሌላ ነካ። በጨርቁ ውስጥ ያለው ጀርባዋ ከፊቷ ስለሚረዝም ሞተሩ ከወንበሩ ኋላ ነው ትላለች፤ ጠረጴዛ ነው ያልከው ወንድሜ፣ እናንተ ቤት ጠረጴዛ ትከሻ አለው ወይ ትላለች። ቀጥሎ ወንዶች በድምፅ በላኩት መልስ ሲስቁ ይሰማል። እሷም ትስቃለች።

ሽማግሌዎቹ የጠበቁት ይህን አልነበረም። ከመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ ተያዩ። ዝምተኛው አባት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው ወይ ብለው ጠየቁ። አጎቱ አዎ አላቸው። "እንግዲያ ለሽምግልና አትሆንም፤ አንዱ በእግሩ ሊመጣ ነው" አሉ። ባለ ጥምጥሙ ግን ነገሩን ከልብ ይዘውት ነበር፤ ስም ያሳደሰ ሰው ማሰቡ አይቀርም፣ ልጅቱ እውነቷን ነው አሉ። ለአፍታ ያህል ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። እንኳን ሰጠኋቸው አልኩ በልቤ።

ያኔ የአጎቱ ጣት ሌላ ላይ ዐረፈ። ይህን የላክሁት ማታ ቤት ሆኜ ነው። አንዱ ልጅ፣ እህታችን ዛሬ ለምን ታንሾካሹኪያለሽ፣ ሰው ተኝቷል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። መልሱን ረስቼው ነበር። ሲጀምር አስታወስኩ፤ እጄን በመጋረጃው ሥር አውጥቼ ስልኩን ልነጥቅ ፈለግሁ፣ አልደረሰልኝም።

"እኛ ቤት እኔ እንደምናገር አይታወቅም" አለች ያቺ ሴት፣ ሳቋ እየቀደማት። "የሚጠይቀኝም የለም። ድንገት ድምፄን ቢሰሙ ሌባ ገባ ብለው ዱላ ነው የሚያነሱት።"

አጎቱ ሳቀ። ባለ ጥምጥሙ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ያዙት። አባቴ አልሳቀም። ጀርባው ነው የሚታየኝ። ትንሽ ቀደም ብሎ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም ብሎ በእኔ ኮርቶ ነበር፤ አሁን ያንኑ ነገር ከራሴ አፍ ሰማው፣ እንግዳ ፊት፣ በሳቅ። እጁን ወደ ጆሮው አነሳና መልሶ አወረደው። "በቃ፣ ዝጉት" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

እናቴ አላየችኝም። የምትይዘው ነገር አጥታ የሞላ እንስራ ታስተካክል ነበር።

አጎቱ ነውር አላገኘሁም አለ፤ ይህን በግልጽ ተናገረ። ቢሆንም ግራና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቀርቦ አይሰማም፣ ከሺህ ወንድ ጋር የምታወራ ሙሽራ አመጡ ነው የሚባለው አለ። ከግሩፑ ትውጣ፣ ስልኩንም ትተው፤ ያን ጊዜ እንቀመጣለን፣ ቀኑንም እንቆርጣለን። ሦስቱም አባቴን አዩት። እሺ የሚል መስሎኝ ነበር። ይቀለው ነበር። እሱ ግን ከመጪው በዓል በኋላ እኔ ራሴ ግራና መጥቼ መልስ እሰጣለሁ አላቸው። እንደ ቆሙ ወጡ። የተሠራው ምግብ ሳይቀመስ፣ የተጠመቀው ሳይቀዳ ቀረ። ገብተው ሳይቀመጡ መውጣታቸውንም ጎረቤት አየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ይከብደዋል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አስፋልቱ ዳር ደርሶ ነበር። አጠገቤ የምትሸጠዋ ሴት ጠዋት ጆንያዬን ሳነጥፍ፣ "ሙሽራዋ፣ እንዴት አደረች? ተሠራች ወይ?" አለችኝ። ሌሎቹም ተቀበሏት። የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ፣ መኪናሽ ሐራ ደርሳለች፣ ገና ባልጀመረው ባቡር ነው የምትመጣው እያለ ይጮህብኝ ጀመር። በክፋት አይመስለኝም። በመንገድ ዳር የሚስቅበት ነገር ያገኘ ሰው አይለቅም። እኔ ግን የፓፓያ ዋጋ ስጠየቅ እንኳ ድምፄ እንዳይወጣ በጣቴ ወደ ካርቶኑ አመለክት ነበር። ገዢ ዲዳ ናት ብሎ ያለፈኝ አለ።

ከግሩፑ አልወጣሁም። አልናገርምም። ፋብሪካው አዲስ ፎቶ አወጣ ተባለ፤ በጨለማ ውስጥ ሁለት መብራት ብቻ የሚታይበት። ለሌላ መኪና ነው ያሉ አሉ፣ እሷው ናት ያሉ አሉ። እህታችን የት ጠፋች፣ እሷ ትፍረድ ብለው ጻፉ። አየሁትና ስልኩን አጠፋሁት። ስለ መብራቶቹ የምለው ነገር ነበረኝ። አንዱ ከሌላው ጋር የተራራቁበት ልክ ያችን በሸራ ውስጥ ያየኋትን ትመስል ነበር። የምለው ነገር መኖሩ ራሱ አሳፈረኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አባቴ ነው። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ድሮም ብዙ አናወራም ነበር፤ ያኔ ግን ዝምታው እንደ ቤቱ ምሰሶ ነበር፣ ማንም አያየውም። አሁን ሁለታችንም እናየዋለን። ዕቃ ሳጥብ ይመጣና ቆም ይላል፤ የሚናገር መስሎኝ ቀና ስል ጉሮሮውን ጠርጎ ይሄዳል። አንድ ቀን እናቴ እህል እየለቀመች፣ ወደኔ ሳታይ፣ አባትሽ ልጅቱ እንዲህ ነው ወይ የምትስቀው ብሎ ጠየቀኝ አለችኝ። ምን አልሽው አልኳት። እኔም አላውቅ፣ ሰምቻት አላውቅ አልኩት አለችኝ። ሁለታችንም ወደ እህሉ ተመለስን። ሌባ ያልኩትን ቃል ማታ ማታ ጥርሴን ነክሼ አስበው ነበር። ለሳቅ የተናገርኩት ነው። የተናገርኩት ግን እውነት ነው፤ ለዚህ ነው መልሼ ልውጠው ያልቻልኩት።

በዓሉ አለፈ። ግራና የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ምን እንደሚላቸው ለማንም አልተናገረም። ጠዋት ወደ ገበያዬ ስወጣ ነጭ ጋቢውን እናቴ ስታስተካክልለት አየሁ። ያለቀ ነገር ነው ብዬ ነበር፤ ሲመለስ ስልኬን እንደሚጠይቀኝ፣ እኔም እንደምሰጠው፣ ቀኑ እንደሚቆረጥ። አልጠላሁትም ካልኩት ሰው ጋር፣ ድምፄን በመተዌ የታወቅሁ ሆኜ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል በትሩን ይዞ ወደ አስፋልቱ መጣ። የግራና መኪና የሚጠበቀው ከእኔ አለፍ ብሎ ነው። አልፎኝ ይሄዳል ስል ፊቴ መጥቶ እንደ ገዢ ቆመ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ከዚያ በፊት ገበያ ቦታዬ መጥቶ አያውቅም። አንድ ፓፓያ አንስቶ ክብደቱን በእጁ መዘነና መልሶ አስቀመጠው፤ ከራሱ ማሳ የመጣ ነው፣ ያውቀዋል።

"መሄዴ ነው" አለ።

እሺ አልኩ።

"ምን ልበላቸው?"

የሰማሁት አልመሰለኝም። ቀና ብዬ አየሁት፤ ዓይኑን ከፓፓያው ላይ አላነሳም። በእኔ ያፈረ መስሎኝ ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ። እሱ ግን እንደ እኔው ፊት ለፊት ማየት አፍሮ ነው የቆመው። ሴቶቹ ያዩናል። አልቸኮለም። በትሩን በሁለት እጁ ተደገፈና ጠበቀኝ፣ ልክ እንደዚያ ቀን እንደቆሙት ሽማግሌዎች፣ መልስ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ ሰው።

ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ነው የተናገርኩት። ስልኬን አልተውም አልኩ። የሚወስዱኝ ከሆነ ከነስልኬ ይውሰዱኝ፣ ካልሆነ ይቅር። ልጁም የሚለው ካለው ራሱ ይምጣና ይጠይቀኝ። በዚያው ቅጽበት ከውርጌሳ በኩል አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አልፎን ስለሄደ ቃሌ ከአፌ ይውጣ አይውጣ ለራሴም አልታወቀኝም። አቧራው እስኪያልፍ አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጆንያውን ዞሮ ወደኔ ወገን መጣና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አዘነበለልኝ።

"መኪናው ጮኸብኝ፣ አልሰማሁሽም" አለኝ። "እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ።"